ጆንያ ራስ የለውም

ዛሬ ጠዋት የሱሪዬን ቁልፍ ጉዳይ ለዓለም ሕዝብ አሳወቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናት እንደማለት «አዴ» የምንላቸው አዴ ገላኔ ማረፋቸውን ማለዳ ነገሩኝ። ለልጅ ልጄ ለሲፌን ለብቻዋ ልጽፍላት ስልኬን አነሳሁና፣ «አዴ ገላኔ አረፉ። ቀብራቸው ነገ ነው። ጥቁሩን ሱሪዬን ተኩሺልኝ። ቁልፉ ከሆዴ ጋር አልስማማ ካለ በመርፌ ቁልፍ እንይዘዋለን» ብዬ ላክሁ። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ስልኬ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል። የት አገር እንደሚኖር የማላውቀው ሰው መልእክቴን ለወዳጆቹ ሁሉ አዳርሶታል። ሌላው ደግሞ «ያጽናዎ አባቴ፤ ሱሪውን በተመለከተ ግን ወገቡን ማስፋት ይቻላል» ብሎ መክሮኛል። ምክሩ መልካም ነው፤ እኔ ወገቤን ያለ ልብስ ሰፊ እርዳታ ሳሰፋ ሃያ ዓመት እንዳለፈኝ ግን አላወቀም።

ሲፌን ባጃጁ ሳይቆም ነው ዘላ የወረደችው።

«አባባ! ለእኔ የላክኸው መስሎህ ለሁሉም ለቀቅኸው እኮ!»

«ታዲያ መልሺዋ።»

«ከእኛ ቤት አጠፋዋለሁ። ሌሎቹ ቤቶች ዘንድ የደረሰው ግን በእነሱ እጅ ነው።»

ይህን «ቤት» የምትለውን ላስረዳ። እነ ሲፌን ያስገቡኝ የመጻጻፊያ መንደር ባለቤት የለውም። እዚህ ነቀምቴ እሷና ጓደኞቿ አንድ ቤት ከፍተዋል፤ ቡሬ ያሉ መምህራን ሌላ ቤት ከፍተዋል፤ በየአገሩም እንዲሁ። እያንዳንዱ ቤት በራሱ ደንብ ያድራል፤ ቤት ለቤት ግን ይጻጻፋል። መልእክቱ አጭር ነው። በተጻፈበት ተራ ይታያል እንጂ ይህን አስቀድሙ፣ ያንን ደብቁ የሚል ጌታ ከላይ የለም።

«የተላከ ጆንያ አይመለስም» አልኩ፣ ሳላስበው።

«የምን ጆንያ?» አለችና ፊቷ ድንገት ተለወጠ። «አባባ… ጋሼ ሌሊሳ ተረድተዋል?»

መቀመጫ ፈለግሁ። ሌሊሳ የአዴ ገላኔ አንድ ልጃቸው ነው። ከዓባይ ማዶ፣ ቡሬ የሚኖር ጡረተኛ መምህር ነው። ጎረቤቶቹ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ሰብስበው፣ እንደ ወጉ መሃል አስቀምጠው ሊያረዱት ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግረዋል። ሌሊሳ ደግሞ የምጽፈውን ከሚከታተሉት ሰባት ሰዎች አንዱ ነው። የእናቱን ሞት ብቻውን፣ ምናልባት መንገድ ላይ ቆሞ፣ በእኔ ሱሪ ተጠቅልሎ ሊያነበው ነው።

«እንደውልላቸው?»

«ደውለሽ ምን ልትይ? ስልክህን አትመልከት ካልሽው እኮ ያኔውኑ ተረዳ።»

ሲፌን ትንሽ አሰበች። «ሽፋን እናድርግበት። ላዩ ላይ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይታያል፤ ውስጡን ሊያዩ ሲፈልጉ ይከፍቱታል። ያስተካከልነው ወደ ሌሎቹ ቤቶችም ይደርሳል። ሽፋኑ ላይ ምን ልበል?»

ማሰብ አላስፈለገኝም። «ጥቁር ክር። ቁጭ ብለህ ፍታ» በይው አልኳት።

የጻፈችው ሳይገባት ነው። እኔ ግን በስልኩ ትይዩ ተቀምጬ የምጠብቀው ነገር ነበረኝ። ሌሊሳን በተሳሳተ ክር አደጋ ላይ ስጥለው ይህ ሁለተኛዬ ነው። ይህ መንደር አዲስ ነገር ነው ይሉኛል። አዴ ገላኔ በደርግ ጊዜ፣ ከነቀምቴ መጋዘን ደጃፍ፣ በመርፌና በሲባጎ ሠርተውት ነበር።

ያኔ እኔ በእህልና በቡና መጋዘን የሚዛን ጸሐፊ ነበርኩ። ሚዛን ጸሐፊ ማለት ሌላው የተሸከመውን ጆንያ ኪሎ ጽፎ «ወገቤን!» የሚል ሰው ነው። አዴ ገላኔ ጆንያ ጠጋኝ ነበሩ። ከመጋዘኑ ግንብ ሥር፣ በቆርቆሮ ጥላ፣ የተቀደደ ጆንያ ክምር ላይ ቁጭ ብለው ይውላሉ። ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ሴት ናቸው። የጆንያ መርፌያቸውን ሻሻቸው ላይ ይሰኩታል። ሲያስቡ መርፌውን እዚያው ሻሻቸው ውስጥ ቀስ አድርገው ያዞሩታል። መርፌው መዞር ከጀመረ ማናችንም ትንፍሽ አንልም ነበር። አማርኛቸው ለሁሉም «አንተ» ነው፤ ለመጋዘኑ ኃላፊም፣ ለካድሬውም፣ ለአህያውም። እኔን ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። «ያ ሚዛን!» ነው የሚሉኝ።

በዚያን ዘመን ወለጋ ውስጥ እንደ ጆንያ የሚጓዝ አልነበረም። ሰው ከከተማ ከተማ ለመሄድ የቀበሌ ወረቀት ይጠየቃል። ደብዳቤ ይከፈታል። ልጁ የጠፋበት ሰው «ልጄ የት ገባ?» ብሎ አይጠይቅም፤ መጠየቅ ራሱ ያስጠይቃል። ጆንያ ግን ከጊምቢ ቡና ይዞ ይመጣል፣ ከጊዳ አያና በቆሎና ሰሊጥ ይዞ ይመጣል፣ ባዶውን ወይም ጨው ይዞ ይመለሳል። ኬላ ላይ ቢበዛ በብረት ይወጉታል። በየከተማው ደግሞ የሚጠግነው ሰው አለ።

እንዴት እንደጀመሩት አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«እኔ አልጀመርኩም» አሉ። «ጆንያው ይሄድ ነበር። ባዶ አፉን ከሚሄድ ብዬ ነው።»

ሥራው እንዲህ ነው። ከአቡጀዲ ላይ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ይቀደዳል። በኮፒ እርሳስ ይጻፍበታል። ከዚያ ይታጠፍና በጆንያው አፍ እጥፋት ውስጥ ይሰፋል። ወዲያ ማዶ ያለው ጠጋኝ ይተረትረዋል፣ ያነባል፣ ለሚገባው ያደርሳል። አዴ ገላኔ ፊደል ከዘማች ተማሪዎች ተምረዋል። ግን አንዱ «ሀ» ብቻውን ጨርቁን ይሞላባቸው ነበር። የእኔ እጅ ደግሞ በሚዛን መዝገብ የሠለጠነ፣ ጉንዳን የሚያህል ነው። ጠሩኝ።

«ያ ሚዛን፣ እጅህን እፈልገዋለሁ። አፍህን ቤት አስቀምጠህ ና።»

በመጀመሪያው ቀን ላስደንቃቸው ፈልጌ «በአሁኑ ወቅት በመልካም ጤንነት ላይ የምንገኝ መሆናችንን ስንገልጽ» ብዬ ስጀምር ጨርቁ አለቀ።

«ምን ይላል?»

«በአሁኑ ወቅት በመልካም ጤንነት ላይ የምንገኝ…»

«ደህና ነን ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ደህና ነን አትልም?» ሁለት ጣታቸውን አፍንጫዬ ሥር አቆሙ። «ከሁለት ጣት ካለፈ ወሬው ውስጥ ሌላ ሰው ገብቷል።»

ከዚያ በኋላ በሕይወቴ የጻፍኩት ረጅም ነገር ቢኖር ይህ ነው። ቢሰሙ ይቆጡኝ ነበር።

እዚህ አገር መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ፣ ሰላምታው ካለቀ በኋላ «ኦዱ?» ይባባላል፤ ምን ወሬ አለ? እንደማለት ነው። አዴ ገላኔም መልእክት ይዞ የሚመጣውን ሁሉ መጀመሪያ «ኦዱ?» ይሉታል። ከዚያ «በዓይንህ ነው በጆሮህ?» ይላሉ። በጆሮዬ ያለ ሰው ጨርቅ አይቀደድለትም። «የጆሮውን ለጆሮ ንገረው፤ ጆንያ የሚጭነው የዓይን ብቻ ነው» ብለው ይሸኙታል። ወረፋም አያስቀድሙም። የመጋዘኑ ኃላፊ እንኳ ለእህቱ መልእክት ይዞ መጥቶ ከጨው ቸርቻሪዋ ኋላ ቆሞ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ።

ክሩ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ጨርቁ ከታጠፈ በኋላ በክር ይታሰራል። ነጭ ክር ከሆነ ለሁሉም ነው፤ ማንም ጠጋኝ ይፈታዋል፣ ይጠቅማል ካለ ሳይጨምር ሳይቀንስ ገልብጦ ለሌሎች ከተሞች ይልካል። ጨው መጣ፣ ድልድይ ተሰበረ፣ እከሌ ከእስር ወጣ፤ እንዲህ ያለው ነው። ሰማያዊ ከሆነ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ያለ ጠጋኝ አይነካውም። ቀይ ክር ጨርቅ የለውም፤ ባዶውን፣ በሄደበት መንገድ ይመለሳል። «ደረሰኝ» ማለት ነው። ጥቁሩ መርዶ ነው። ጥቁር የደረሰው ጠጋኝ ብቻውን አይፈታም፤ ለባለቤቱም በእጁ አይሰጥም። ጎረቤት ጠርቶ፣ ሰውየውን ከመሃል አስቀምጦ ነው። «ሞት ሰውን ቆሞ እንዳያገኘው» ይሉ ነበር።

በየከተማው ያለው ጠጋኝ የራሱ ደንብ ነበረው። የጊምቢው ኦቦ ተርፋሳ ጴንጤ ነው፤ ስለ አረቄ የተጻፈ ነገር አያሳልፍም። የጊዳ አያናው ይማም ከወሎ መጥቶ የሰፈረ ሰው ነው፤ አርብ ከጁምዓ ሶላት በፊት ወላሂ ጆንያ አልፈታም ይላል። አዴ ገላኔ አንዳቸውንም አያዙም። አንዱ ካላሳለፈ በሌላው ይዞራል። አንድ ከተማ ውስጥ፣ ስሟን አልጠራም፣ ከካድሬ ጋር መጠጣት የጀመረ ጠጋኝ ነበረ። አዴ ገላኔ የእሱን ጆንያ መፍታት አቆሙ። ለሌሎቹም «ይቁም» ብለው እንዲነግሩ ለመንኳቸው።

«እኔ በቤቴ አወቅሁ። እነሱም በቤታቸው ያውቃሉ» አሉ።

አንዳንዶቹ አላወቁም ነበር። እዳው በኋላ የመጣው ከዚያ ነው።

ሌሊሳ ያኔ ተማሪ ነው። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲለቀሙ፣ እናቱ ከባዶ ጆንያ ሥር አስተኝተው በጭነት መኪና ወደ አያና፣ ወደ ይማም ቤት ሰደዱት። ይማምን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። በእጅ ጽሑፉ ነው የሚያውቁት። ሰው ልጁን ለእጅ ጽሑፍ አደራ ሲሰጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከሳምንት በኋላ ልጁ መታሰሩ አይቀርም ብሎ ራሱን ሊሰጥ መነሣቱን ሰሙ። አውራ ጣታቸውን መርፌ ወግቷቸው አብጧል። መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል።

«ጻፍ። ለይማም። ልጄን ከቤትህ አታውጣው፤ እስክመጣ። ጻፍክ? ሰማያዊ እሰርበት።»

ጻፍኩ። አሰርኩ። ሰፋሁ። መኪናው ሄደ።

አሁን ስለዚያ ቀን ሱሪዬ መናገር አለብኝ። አዲስ ነበር። እግሩ ሰፊ፣ መንገድ የሚጠርግ ቦላሌ፣ ነቀምቴ ውስጥ ሦስት ሰው ብቻ ያለው። የጆንያ ብናኝ ጉልበቱ ላይ ተጣብቆበት ነበርና በአንድ እጄ ስጽፍ በአንድ እጄ አራግፍ ነበር። ክሩን ሳነሳ ዓይኔ ጉልበቴ ላይ ነው።

በአራተኛው ቀን ከጊምቢ የመጣ የቡና ጆንያ አፍ ስተረትር ነጭ ክር አገኘሁ። ፈታሁት። በኦቦ ተርፋሳ እጅ፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ «ለይማም። ልጄን ከቤትህ አታውጣው፤ እስክመጣ» ይላል።

ነጭ አስሬ ነበር። ወደ አያና በሚወስደው መንገድ ያለ አንድ ደንብ አክባሪ ጠጋኝ ነጩን አይቶ ፈታው፤ ነጭ ነውና ለሦስት ከተማ ገለበጠው። ሦስቱ ለየሦስት። ወለጋ በሙሉ ይማም ቤት የማን ልጅ እንዳለ አውቋል። ያ ከካድሬ ጋር የሚጠጣው ሰውዬም ያውቃል፣ ወይም ነገ ያውቃል።

ጨርቁን ይዤ ሄድኩ። አነበቡት። መርፌው ሻሻቸው ውስጥ መዞር ጀመረ።

«ማን አሰረው?»

«እኔ።»

«ምን እያየህ?»

«ሱሪዬን።»

ቁልቁል አዩት። «ጥሩ ሱሪ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዱላ ቀምሻለሁ። እንደዚያች ቃል የገረፈኝ የለም።

«ሰው እንላክ፣ እንመልሰው» አልኩ እየተንተባተብኩ።

«የተላከ ጆንያ አይመለስም።» መርፌው ቆመ። «ሌላ ይጫናል። ተቀመጥ። ጻፍ። ለተርፋሳ። ልጄን ከቤትህ አታውጣው፤ እስክመጣ።»

«ልጁ እኮ ተርፋሳ ቤት…»

«ጻፍ አልኩህ። በነጭ እሰር። አሁን ዓይንህ ከፈለገ ሱሪህ ላይ ይሁን፤ ነጭ ብቻ ነው ያለን።»

ለባኮው ጻፍኩ። ለአርጆው ጻፍኩ። ለሻምቡው ጻፍኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልጁ በሁሉም ቤት ካለ በማንም ቤት የለም።

የገበያ ቀን ነበር። ጨው ቸርቻሪዋ አጠገባችን ቆማ ስትሰማ ቆየችና፣ «የእኔም ልጅ የት እንዳለ አላውቅም። የእኔንም ጻፈው» አለች። ጻፍኩ። እሷ ለሌላዋ ነገረች። እኩለ ቀን ሲሆን ከመጋዘኑ ግንብ እስከ መንገዱ ሴቶች ተሰልፈዋል። ቅቤ የያዘች፣ ዶሮ ያንጠለጠለች፣ ምንም ያልያዘች። ሁሉም አንዱን ቃል ነው የሚያጽፉኝ፤ የሚለየው የጠጋኙ ስም ነው።

አዴ ቶላሺ ተራቸው ደረሰ። ልጃቸው ከወር በፊት ተገድሎ መንገድ ዳር ተጥሎ፣ እንዳያለቅሱ ተከልክለው የነበሩ ሴት ናቸው። እርሳሴ ቆመ።

«አዴ ቶላሺ፣ የእርስዎ ልጅ እኮ…»

«አውቃለሁ፣ ኢልመ ኮ» አሉ፣ ልጄ ሲሉኝ። «ጻፍ።»

«ለማን ልበል?»

ዞር ብለው አዴ ገላኔን አዩ። አዴ ቶላሺ ሻሻቸውን አስተካከሉና፣ «ለደጉ ሰው በለው» አሉ። «ልጄን ከቤትህ አታውጣው፤ እስክመጣ።»

ጻፍኩት። ያን ቀን ኮፒ እርሳሱ ሲርስ ቀለሙ እንደሚፈስ ተማርኩ፤ ሌላ ጨርቅ መቅደድ ነበረብኝ።

ከሳምንት በኋላ የሚመጡት ጆንያዎች እኛ ያልጻፍነውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። ከደምቢ ዶሎ መጣ። ስሟን ሰምቼ ከማላውቃት ከተማ መጣ። «ልጄን ከቤትህ አታውጣው።» «ሁለቱን ልጆቼን ከቤትህ አታውጣቸው።» «ባሌን ከቤትህ አታውጣው።» ማንም አላዘዘም። የሚያዝም አልነበረም። አረቄ የማያሳልፈው ኦቦ ተርፋሳ ሃያውን በራሱ እጅ ገልብጦ ልኳል፤ አንደኛው ላይ «ይህቺ ሴት አረቄ ሻጭ ናት፣ ግን እናት ናት» የሚል ጨምሮበታል። ደንብ የጣሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወለጋ ውስጥ የጠፉትም፣ የሞቱትም ልጆች ሁሉ በየሰዉ ቤት ተደብቀው ሰነበቱ።

ካድሬው አንድ ጆንያ ሙሉ ጨርቅ አስይዞ መጣ። አዴ ገላኔ ፊት ዘረገፈው። እኔ በሚዛኑና በግንቡ መካከል ነበርኩ፤ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል።

«አለቃችሁ ማነው?»

«የማን አለቃ?»

«የዚህ ድርጅት!»

አዴ ገላኔ ባዶውን ጆንያ አንስተው አሳዩት። «ጆንያ አፍ እንጂ ራስ የለውም። አንተ ራሱን ካገኘህ ለእኔም አሳየኝ።»

«አትቀልጂ! ልጅሽ የት ነው?»

«ተጽፏል አይደለም እንዴ?» በእጃቸው ክምሩን አመለከቱት። «እዚህ ሁሉ ቤት ነው ያለው። አንብበው።»

ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሳ። ሌላ አነሳ። ሦስተኛውን ካነበበ በኋላ በጣም ቆየ። ለምን እንደቆየ አላውቅም። እሱም እናት ነበረችው፤ ከዚያ በላይ አልገምትም፣ በዓይኔ አላየሁምና። ከዚያ ቀና ብሎ «ይዛችኋት ኑ!» አለ፤ «ጸሐፊውንም!»

ጸሐፊው የለም። ጸሐፊው የኋላውን አጥር እየዘለለ ነበር። ቦላሌው ሽቦ ላይ ቀርቷል፤ ግማሹ ማለቴ ነው። በሌላኛው ግማሽ አርጆ ድረስ ሄድኩ፤ አክስቴ ቤት ጎተራ ጀርባ ተደበቅሁ።

አዴ ገላኔን አሥራ አንድ ቀን አሰሯቸው። በሁለተኛው ቀን የቀበሌው ስኳር ጆንያ ሲቀደድ አስጠገኗቸው። ከተፈቱ በኋላ እንደሰማሁት፣ የቀበሌው ስኳር ያን ወር በየከተማው የደረሰው ከነጭ ክር ጋር ነው።

ይማም ቤት ፍተሻ ሄዷል። ግን በዚያው ሳምንት የተፈተሸው ብዙ ቤት ነበርና አያና የደረሱት ዘግይተው ነው። ይማም «አብሽር» ብሎ፣ ሌሊሳን ለአጨዳ ከሚወርዱ ሰዎች ጋር ቀላቅሎ፣ ማጭድ አስይዞ፣ ዓባይን አሻግሮታል።

ይህን ያወቅሁት አርጆ ሳለሁ ነው። የአርጆው ጠጋኝ ለአክስቴ ለይቶ ባስገዛት የጨው ጆንያ አፍ ላይ፣ እሱ ያልነካው ሰማያዊ ክር ነበረ። ፊደሉ ትልልቅ ነው። ራሳቸው፣ በታመመ ጣታቸው የጻፉት ነው። አራት ቃል ብቻ ችሎላቸዋል፤ «ልጄ ተሻገረ። ሚዛን፣ ተመለስ።»

ደንቡ ቀይ ክር መመለስ ነው። የአክስቴ ቤት ቀይ ክር ሞልቶ ነበር። አንዱን መዝዤ ያዝኩት፤ ሦስት ቀን ያዝኩት። እሳቸው ታስረው ሲፈቱ፣ እኔ ጎተራ ጀርባ ሆኜ፣ ምኑን ነው ደረሰኝ የምለው? አልላክሁም። ክሩን ኪሴ ከትቼ በእግሬ ወደ ነቀምቴ ተመለስኩ።

ስደርስ ክምራቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ፀጉራቸው ተላጭቷል፤ መርፌው ግን ሻሻቸው ላይ ነው።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ ያ ሚዛን። ሰውየው ደርሷል። ክሩ የታለ?»

እጄን ኪሴ ከትቼ ላወጣላቸው ስል ጣታቸውን አነሱ። «በእጅ አይሆንም። በእጅ የሚሰጥ ሰላምታ ነው። ደረሰኝ ያልከው ባላየህ ሰው እጅ አልፎ ሲመጣ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ፣ ደርግ ሄዶ፣ ጆንያው በማዳበሪያ ተተክቶ፣ መንገድ ላይ በተገናኘን ቁጥር ቃላቸው አንድ ነበር። «ክሬስ?»

«እየመጣ ነው አዴ፤ መኪናው ተበላሽቶበት ነው።»

«ዘንድሮም?»

«መለዋወጫ ጠፍቶ።»

ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ አልስቅም ነበር። ይህን ሁሉ የሠሩት ሴት ለዚያ ሥራ ስም እንኳ አላወጡለትም። ይማም በሞተ ጊዜ ጥቁሩን ክር ያሰሩት እሳቸው ነበሩ። በሕይወት ሳለ አንድም ቀን ፊቱን ሳያዩት፣ እንደ ወንድም ሦስት ቀን መሬት ላይ ተኙለት።

ሲፌን ይህን ስነግራት እጇ ላይ ያለውን ስልክ ረስታው ነበር። እሱ ግን አልረሳንም። ጮኸ። ሌሊሳ ነው።

«አቤት» አልኩ፣ ድምፄ እንደ ድሮ ጎረምሳ ሆኖ።

«ቁጭ ብዬ ነው የፈታሁት» አለኝ። «ጥቁር ክር የሚለውን ሳይ ሚስቴን ጠራኋት፤ እሷ ጎረቤት ጠራች። መሃል አስቀመጡኝ። ከዚያ ከፈትኩት።»

ተላቀስን። በስልክ መላቀስ አልችልበትም፤ ማን ተራውን እንደሚይዝ አይታወቅም። ሲበቃን ተነፈሰና፣ «ሱሪህ ግን ተቆለፈ?» አለኝ።

«እየተተኮሰ ነው።»

«እማዬ የሱሪህን ነገር እስከ መጨረሻው ታነሳ ነበር።» ቀጠለ። «ክሯን መልሰህላት ነበር?»

«አልመለስኩም።»

«እንግዲያው አሁን ለእኔ ነው። ነገ ስመጣ በእጅህ እንዳትሰጠኝ።»

ነገ ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ትከሻው ትከሻዬን ይነካል፤ ክሩ ከጥቁሩ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነው፤ ልሰጠው ግን አልችልም። ሲፌንን ይህ መንደራችሁ ክር ይልካል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አይልክም። ስለዚህ ከቀብር ስንመለስ ገበያ ወርጄ፣ አያናን አቋርጦ ዓባይን የሚሻገር የጭነት መኪናና በውስጡ አንድ ተጠግኖ የሚያውቅ ጆንያ እፈልጋለሁ። እስከዚያው አንድ ቀይ ክር አለብኝ።